በሊፍት ወደ ነነዌ

ባለፈው ሳምንት ልጄ አስቴር ለጉልበትሽ የሚሆን ጫማ እንግዛልሽ ብላ እዚህ ሜልቦርን፣ ማሪቢርኖንግ ያለው ትልቁ ገበያ ወሰደችኝ። ሊፍቱ በር ላይ አወረደችኝና «እማዬ፣ እዚሁ ጠብቂኝ፤ መኪናውን አቁሜ መጣሁ» ብላኝ ሄደች። እኔ ደሞ ሊፍት ሲከፈት ዝም ብዬ ማየት አልችልም፤ እግሬ ራሱ ገባ። ውስጥ አንድ ረዥም ጢማም ጎረምሳ፣ ያቺን የምታበራ የሥራ ሰደርያ ለብሶ፣ ሣጥን ተደግፎ ቆሟል። አየኝና አቀረቀረ። እንደገና አየኝ። ሊፍቱ ወርዶ በሩ ሊከፈት ሲል ይሄ ልጅ በአማርኛ፣ ያውም ጮክ ብሎ፣ «ነነዌ ደረስን! ዮናስ ውረድ!» አይል መሰላችሁ! ክው አልኩ። ከዚያ ዓይኑን ሳየው፣ ያቺን ጠባሳ ቅንድቡ ላይ ሳያት፣ «ጎልያድ!» ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። አንገቱ አልደርስ ቢለኝ ደረቱ ላይ። የድሮ ጎረቤታችን የዘሃራ ልጅ አብዱ! በሩ ተዘጋ፤ ወጣን፤ ወረድን፤ ደሞ ወጣን። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ እኛ እዚያው ነን። አስቴር ስትፈልገኝ ቆይታ ስታገኘኝ ዕንባዬ እየወረደ እየሳቅሁ ነበር። አብዱ ሊፍቱ ውስጥ የነገረኝን ነገር ኋላ እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ከሥሩ ልጀምር።

ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሊዲያ ናት። ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ እኔ ሳወራ እሷ ትነካካዋለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄን ዛሬ ስናገረው ቀላል ነው፤ ያኔ ግን ሞቴ ነበር። «እንዳልኩሽ ጻፊ፣ አታሳምሪው፣ የኔንም ኃጢአት አታስቀሪ» ብያታለሁ።

ሜልቦርን የመጣሁት የሊዲያ ታናሽ ወንድም ናትናኤል ገና ሲድህ ነው። ዓመቱን እንጃ፤ እኔ ዓመት የምቆጥረው በልጆቹ ጫማ ነው። ቤታችን ኮሊንግዉድ፣ ከነዚያ ረጃጅም ፎቆች አንዱ ላይ፣ አሥራ ሰባተኛው ነበር። ያን ጊዜ የትራም ትኬት ወረቀት ነበር፤ ማሽኑ አፍ ውስጥ ስትከቱት ጥርር ብሎ ነክሶ ይመልሰዋል። አሁን ካርድ ነክቶ ማለፍ ነው፣ ምንም ጣዕም የለውም። አገር ቤት ለመደወል የአምስት ዶላር ካርድ ይገዛና ጀርባው በሳንቲም ጫፍ ይፋቃል፤ የእኅቴን ድምፅ ሰምቼ «ደህና ነሽ?» ተባብለን ስለ ላሚቱ ሳንጀምር ያልቃል። ስሚዝ ጎዳና ላይ የሁለተኛ እጅ ልብስ የሚሸጡ አሮጊቶች ነበሩ፤ ከነሱ በአራት ዶላር የወንድ ካፖርት ገዛሁ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ፣ ጥቁር፣ ኪሱ ውስጥ የሌላ ሰው መሐረብ ያለበት። ከላዩ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ስሄድ ውሻ እንኳን ዞር ይልልኝ ነበር። ያን ካፖርት አስቴር ካልጣልኩት ትላለች፤ እኔ ካልቀበራችሁኝ በቀር አይሆንም ብያለሁ።

አስቴር መሃል ከተማ ቢሮ ታጸዳ ነበር። ጎረቤታችን ዘሃራ ደሞ የወሎ ልጅ ናት፣ ቀይ፣ ሳቂታ፤ ሁለቱ አንድ ሺፍት ነበሩ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ተያይዘው ትራም ይይዛሉ። የአስቴር ባል ታክሲ ይነዳል። እንግዲህ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ያለሁት እኔ ነኝ። ሊዲያ ሰባት ዓመቷ፣ ናቲ አምስት፣ የዘሃራው አብዱ ስድስት። በአማርኛ ብናገራቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። «እርቧችኋል?» ስል «ኖ!» «ብርድ አይደለም?» «ኖ!» ያቺን ቃል ከመጣሁ በሳምንቴ አወቅኋት።

አንድ ቀን ናቲ ግድግዳው ላይ ያለውን የጊዮርጊስን ሥዕል እያየ ያለቅሳል። «ምን ሆነህ ነው የኔ ጌታ?» እለዋለሁ፣ «ፑር ድራገን፣ ፑር ድራገን!» ይለኛል። ሊዲያን «ምን ነው የሚለው?» አልኳት። «ዘንዶው አሳዘነው» አለችኝ። «ዘንዶው?» «አዎ። ሰውየው እየወጋው ነው፣ እሱ ግን ምንም አላደረገም ይላል።» እኔ ሳቄ መጣ፤ አስቴር ስትሰማ ግን አልሳቀችም። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሬን እየሠራችኝ «እማዬ፣ ልጆቼ ባዶ ሊቀሩብኝ ነው» አለችኝ። «ቤተ ክርስቲያን ስንወስዳቸው ግዕዙ አይገባቸው፣ አማርኛው አይገባቸው፣ ብስኩታቸውን በልተው ይተኛሉ። እባክሽ አንቺ አስተምሪልኝ።»

«እኔ? ፊደል ሳልቆጥር?»

«የምታውቂውን ንገሪያቸው። ደሞ አንቺ የማታውቂው ታሪክ አለ?»

እውነቷን ነው። ሰላሌ፣ የተወለድኩበት መንደር፣ ቤተ ክርስቲያናችን መቅደሱ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ ነበር። አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ ነበሩ፤ በከዘራቸው ግድግዳውን ጠቅ እያደረጉ «ይሄ ዮናስ ነው፤ ይቺ ሶስና ናት፤ ይሄ ጎልያድ ነው፣ እዚህ ጋ ድንጋዩ ግንባሩን አገኘው» ይሉ ነበር። አንድም ቀን ሥዕል ስተው አያውቁም። ወንዶቹ ቁጭ ብለው ይማራሉ፤ እኔ ውኃ ቀጂ ነኝ። እንስራዬን አዝዬ ቆሜ እሰማለሁ፣ እናቴ አለንጋ ይዛ እስክትመጣ። ያን ጊዜ የሰማሁት ይኸው እስከዛሬ አልፈሰሰም።

ታዲያ እንደ መሪጌታው በቃሌ ብነግራቸው ምን ነበረበት? ኩራት ነዋ! ልጆቹ ያኔ የእናታቸውን እንግሊዝኛ ያርማሉ፤ ከመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ ሊዲያ ናት የምታነበው። ናቲ ደሞ ፎቁ ላይ ያለ አንድ ሕፃን ሲያይ «እሱ ማንበብ አይችልም፣ ቤቢ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። አያታቸው ፊደል እንደማትለይ ካወቁ ነገሬን ማን ይሰማል? ቋንቋው የለኝ፣ ሥራው የለኝ፣ ቴሌቪዥኑን መክፈት እንኳን አልችል። ቤት ውስጥ ያለኝ ሥልጣን ይቺው ማስተማር ብቻ ናት፤ እሷን ካጣሁ ከሶፋው በምን እለያለሁ?

መጽሐፉን ያገኘሁት በዚያው ሰሞን ነው። አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ያገራችን ሰው ነበር፤ አገር ቤት ፍርድ ቤት ይሠራ ነበር ይባላል። ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የማይፈልገውን ዕቃ በካርቶን ሞልቶ ኮሪደር ላይ ትቶት ሄደ፤ የፈለገ ይውሰድ ነው። ሰው ድስቱን፣ መጋረጃውን ያነሳል። እኔ ሳይ፣ ከካርቶኑ ሥር አንድ ወፍራም መጽሐፍ! ጥቁር ነው፣ ዳር ዳሩ ወርቅማ፣ ቀይ ጥብጣብ የተንጠለጠለበት፣ ፊደሉ ያገራችን። «መጽሐፍ ቅዱስ ሜዳ ላይ!» ብዬ ተሳልሜ በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ። ከዚያው ካርቶን ባገኘሁት ቀይ ከፋይ መጋረጃ ልባስ ሰፋሁለት፤ ፊቱ ላይ በነጭ ጥልፍ መስቀል አደረግኩበት። እዚህ አገር ከመጣሁ የሠራሁት የመጀመሪያ የእጅ ሥራ ነው። አስቴር «ከየት አመጣሽው?» ስትለኝ «እግዜር ሰጠኝ» አልኳት፤ ቢዚ ናት፣ ሳመችውና ትራሟን ልትይዝ ሮጠች። ባሏም ታክሲውን ሊያወጣ ሲል ይስመዋል። በልባሱ ላይ ይሳማል እንጂ ከፍቶ የሚያየው የለም፤ ለእኛ መጽሐፍ እንዲያ ነው።

እንግዲህ በየቀኑ መክሰስ ከበሉ በኋላ መጽሐፉን አወርዳለሁ። መስቀሉን አስተካክዬ፣ ከፍቼ ጭኔ ላይ አስቀምጣለሁ። ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ገጹን እገልጣለሁ። ዓይኔን ጠበብ አድርጌ «በዚያን ዘመን» ብዬ እጀምራለሁ። ጣቴን ከመሥመሩ ሥር እየነዳሁ ስናገር ራሴን እንኳን የማነብ ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ረዘም ያለ ታሪክ ሆኖ ገጽ መግለጥ እረሳለሁ፤ ሊዲያ «እማማ፣ ገልጪ» ትለኛለች። እገልጣለሁ።

ከጊዮርጊስ በቀር ሥዕል ስላልነበረን ቤቱን ሥዕል አደረግነው። ሶፋው የኖኅ መርከብ ነው። ናቲ ያሉትን መጫወቻዎች ሁሉ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይደረድራል፤ ጥንድ ያጣው ዝሆን በካልሲ ዝሆን ይዳራል። «እማማ፣ ካንጋሩ እንዴት ደረሰ?» ይለኛል ናቲ። «ዘሎ ነዋ!» እለዋለሁ። «ባሕሩንስ?» «ባሕሩንም ዘሎ። ኖኅ በር ላይ ቆሞ፣ ቶሎ በል እንጂ አንተ፣ ዝናቡ ጀመረ ይለው ነበር።» ጎልያድ አብዱ ነው፤ ባልዲ ራሱ ላይ ይደፋል፣ ወንበር ላይ ይቆማል። ሊዲያ ዳዊት ናት፣ ድንጋዩ የተጠቀለለ ካልሲ። አብዱ መውደቅ ይጠላል። «ዛሬ እኔ ላሸንፍ» ይላል። «መጽሐፉ አይልም» እለዋለሁ። «እስቲ ሌላ ገጽ እዪ!» ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ አንድ ቀን ከነባልዲው ሲወድቅ ያተረፈው ነው። ለዘሃራ ምን እላለሁ ብዬ ስንቀጠቀጥ አይታው «ጎልያድ ከሆነማ ቀላል ነው የደረሰበት» ብላ ሳቀች።

ከመጀመሪያው ለዘሃራ ነግሬያት ነበር። «እኔ ልጆቹን የክርስቲያኑን ነው የማስተምረው፤ ያንቺን ልጅ ምን ላድርገው?» ስላት፣ «እትዬ ብርቄ፣ ዳውድም ሙሳም ዩሱፍም እኛ ጋ አሉ፤ ይስማ። ብቻ ማተብ እንዳያስሩብኝ» አለችኝ። የዮሴፍ ታሪክ ቀን ዕረፍት ነበረችና አብራን ተቀመጠች። እኔ በኔ ስናገር እሷ በሷ እያስገባች፣ «ያ እንዲያ ነው፣ ይሄ እንዲህ ነው» ስንባባል ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እሱን ታሪክ በሁለት ቀን ጨረስነው። ከታች ግን አይስክሬም የሚሸጠው መኪና ያቺን ዜማውን እያሰማ ሲመጣ ሁሉም ያልቃል፤ ሙሴን በረሃ ላይ ጥለውት ወደ በሩ ይሮጣሉ። ያ ዜማ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያልፍ እጄ ሳንቲም ፍለጋ ካፖርት ኪሴ ይገባል።

ዮናስ ግን ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ዮናስን የምናስተምረው ሊፍት ውስጥ ነው። አሥራ ሰባተኛው ላይ በሩ ሲከፈት የዓሣው አፍ ተከፈተ እንላለን። ገብተን ሲዘጋ ዋጠን። ሲወርድ ጨለማ ነው ብለን ዓይናችንን እንጨፍናለን፤ ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው «ማረኝ፣ ሁለተኛ ከላክኸኝ አልቀርም» ይላሉ። አሥራ አንደኛው ላይ ሌላ ሰው ሲገባ እንኳን አያቆሙም። አንድ የቬትናም ሽማግሌ ነበሩ፣ ዳቦ ይዘው የሚገቡ፤ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እሳቸውም ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። መሬት ደርሶ በሩ ሲከፈት ሦስቱም በአንድ ድምፅ «ነነዌ ደረስን!» ይላሉ፤ አስፋልቱ ላይ እርግቡን ሁሉ «ንስሐ ግቡ!» እያሉ ያባርሩታል።

መጽሐፉ ሌላም ሥራ ነበረው። አንድ ቀን የቴሌቪዥኑ ሪሞት ተሰብሮ አገኘሁት። ማን ሰበረው? ሁሉም እኔ አይደለሁም። እንዳገራችን ደንብ መጽሐፉን አወጣሁና «ያልሰበረ ይምታ!» አልኩ። ሊዲያ መታች። አብዱ እጁን ሲዘረጋ «አንተ ተው፣ እናትህ ትጣላኛለች» ብለው፣ «እኔም እመታለሁ!» ብሎ መታ። ናቲ ተራው ሲደርስ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ «አይ ዲድ ኢት»፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ ብሎ ለቅሶውን ለቀቀው። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት ውስጥ ከዚያ መጽሐፍ የሚፈራ ነገር አልነበረም። እኔም ራሴ ፈራሁት፤ እያንዳንዷ ከመሥመሩ ሥር የምነዳት ጣት እንደምትመሰክርብኝ አውቃለሁ።

ችግሩ የመጣው አስቴር ሊዲያን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ስታስገባት ነው። እናትየዋ በደስታ፣ እኔ በሥጋት። ልጅቱ ፊደል እንደያዘች ዓለሙን ሁሉ ታነበው ጀመር። የበርበሬውን ከረጢት፣ የስልኩን ካርድ፣ ሐበሻ ሱቅ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሁሉ። «እማማ፣ እዚህ ምን ይላል?» ትለኛለች። «አንቺው ንገሪኛ፣ ተማሪዋ አንቺ አይደለሽ?» እያልኩ አመልጣለሁ። መጽሐፉን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት። አንድ ቀን ታች ልብስ አጥቤ ስመለስ ግን፣ ወንበር ላይ ወጥታ አውርዳው፣ ምንጣፉ ላይ በደረቷ ተኝታ ታነባለች። «አ… ጥ… ር። አጥር። የ… ጎ… ረ… ቤት… አጥር።» የልብሱ ቅርጫት ከእጄ ወደቀ። አጥር? ከየትኛው ወንጌል ነው አጥር? ቀና ብላ አየችኝ። መጽሐፉን ዘጋችና ሰጠችኝ።

ዘሃራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰች ናት። በነጋታው በር አንኳኩቼ ገባሁና መጽሐፉን ከነልባሱ ዘረጋሁላት። «ዘሃራ፣ በአላህ፣ ይሄ ምን እንደሆነ እዪልኝ።» ተቀበለችኝ፣ አዞረችውና ገለጠችው፤ ሌላ ገጽ ገለጠች። ከዚያ አፏን በሻርፗ አፈነች።

«እትዬ ብርቄ፣ ይሄ እኮ የሕግ መጽሐፍ ነው።»

«የሙሴ ሕግ?»

«ኧረ የፍርድ ቤት! ስለ ውል፣ ስለ ውርስ፣ ስለ አጥርና ድንበር…» መጨረስ አቃታት፤ ሶፋው ላይ ወደቀች። «ይሄንን ነው ስንስም… ይሄንን ነው ልጄ የመታው…»

«አንቺ ምን በወጣሽ ሳምሽው!»

«የርስዎ ልጅ ስትስም እኔ ብቻዬን ቆሜ ልቀር ነው?»

እኔም ሳቅሁ። ለማንም እንዳትነግር አደራ አልኳት። ለአስቴር ልንገራት ብዬ ስነሳ ከሥራ ደክማ ትመጣለች፤ ለልጆቹ ልንገር ስል «በዚያን ዘመን በይ!» ይሉኛል። ዛሬ ነገ ስል የማርያም ማኅበር ተራ የኛ ሆነ።

ያን እሑድ ቤታችን ጠጠር መጣያ አልነበረውም። ድፎ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ነጠላ ለብሶ የመጣው ሰው ከሶፋ አልፎ ወለሉ ላይ ነው። ቄሱ መሃል ተቀምጠዋል፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ወፍራም፣ የዋህ ሰው። ልጆቹን ጠርተው ጠየቋቸው። ኖኅ ስንት ልጅ ነበረው? ዮሴፍን ማን ሸጠው? ሦስቱም እየተሻሙ ይመልሳሉ፤ ያውም በአማርኛ! አስቴር ዓይኗ ዕንባ ሞላ። ቄሱ «ማን ነው ያስተማራችሁ?» ሲሉ፣ ናቲ ማንም ሳይቀድመው ዘሎ ተነስቶ፣ «እማማ! እማማ በየቀኑ ታነብልናለች! ማንበብ ትችላለች! በጣም ትችላለች! ትልቅ መጽሐፍ ታነባለች!» ብሎ አልጮኸም?

አስቴር ዞራ አየችኝ። ልጄ ናት፣ ማንበብ እንደማልችል ታውቃለች። ዘሃራ፣ በር ላይ ሳህን ይዛ የቆመችው፣ ዓይኗን ጣራ ላይ ሰቀለች።

«እንዲህ ነዋ!» አሉ ቄሱ። «እስቲ እማማ፣ ዛሬ ለኛም ያንብቡልን።»

«መነጽሬን… መነጽሬን አላገኘሁትም» አልኩ። ኖሮኝ የማያውቅ መነጽር! ይሄን ጊዜ ማኅበርተኛው ሁሉ ኪሱ ገባ። አራት መነጽር ተዘረጋልኝ፤ አንደኛውን አንድ ወይዘሮ ራሳቸው ዓይኔ ላይ ሰኩልኝ። ቤቱ ዞረብኝ። ከዚህ ሁሉ ሰው፣ ከልጄ ፊት፣ ከነዚህ ሦስት ሕፃናት ፊት ልዋረድ ነው። ከዛሬ በኋላ ስለ እግዚአብሔር ምን ብነግራቸው ያምኑኛል?

ያኔ ሊዲያ ተነሳች። ወንበር ጎትታ መጽሐፉን ከቁም ሣጥኑ አወረደችና «እማማ ዓይኗን አሟታል፤ እኔ ላንብብ» አለች። ሰው «እልል!» አለ። ሄዳ ቄሱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከፈተችው፤ ከዚያ አዞረችው። መስቀሌ ቁልቁል ተዘቀዘቀ! «መስቀሉ!» ልል አፌን ከፍቼ ዋጥኩት። ልጅቱ ጣቷን ምራቅ አስነካች፣ ዓይኗን ጠበብ አደረገች፣ «በዚያን ዘመን» ብላ ጀመረች።

ዮናስን አነበበችው፤ ጣቷ ከመሥመሩ ሥር እየሄደች። ቃሉ ግን የኔ ነው፤ አንድ ሳይጎድል፣ የሰላሌ አነጋገሬ እንኳን ሳይቀር። ከቦታው ሲደርስ ገጽ ትገልጣለች፤ እኔ ሳል የማደርግበት ቦታ ላይ ሳል ታደርጋለች። «ዓሣውም በሩን ከፈተ፤ ዮናስም ገባ፤ በሩም ተዘጋ» ስትል አንዳንዱ ሰው ተያየ። «አሥራ አንደኛው ላይ ሌላ ሰው ገባ» ስትል ጌታዬ ሆይ ውሰደኝ አልኩ። ቄሱ ከጎኗ ናቸው፤ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ወረደ። ቆየ። ጢማቸው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። «ነነዌም ደረሰ» ብላ ዘጋችው።

«ቃለ ሕይወት ያሰማልን!» አሉ ቄሱ፣ ከማንም ቀድመው፣ ግድግዳው እስኪያስተጋባ። ሰው ተቀበላቸው። ሊዲያ መጽሐፉን ስማ ወደ ቦታው መለሰችው።

ቄሱን ሊፍት ድረስ የሸኘሁ እኔ ነኝ። በሩ ሊዘጋ ሲል ጎንበስ ብለው፣ «እማማ፣ የጎረቤቴ ሎሚ አጥሬን አልፎ ግቢዬ ይጥልብኛል። ፍሬው የማን እንደሆነ መጽሐፍዎ ላይ ካለ ያስነብቡልኝ» አሉኝና ወረዱ፤ ሳቃቸው እስከ ታች ተሰማኝ። በሳምንቱ አዲስ መጽሐፍ ቅዱስ በሰው ላኩልኝ። ሊዲያና ዘሃራ የሕጉን መጽሐፍ ሲያገላብጡ ውለው ስለ ሎሚው አንድ ነገር አገኘን ብለው ጻፉላቸው፤ ምን እንዳሉ እንጃ፣ በየክረምቱ አንድ ፌስታል ሎሚ በር ላይ ይቀመጥልን ነበር።

ያን ቀን ማታ ልጅቱን ሳስተኛት፣ «ሊዱዬ፣ ለምን ያልተጻፈ አነበብሽ?» አልኳት። «አንቺ ያነበብሽውን ነው ያነበብኩት» አለችኝና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ወዲህ አንባቢዋ እሷ፣ ተራኪዋ እኔ ሆንን። አዲሱ ላይ ዮናስን ስታነብልኝ «እማማ፣ አጭር ነው እኮ! ያንቺ ይበልጣል» አለች። ፊደልም ልታስተምረኝ ሞክራ ነበር፤ እስከ መ ድረስ ሄጃለሁ። ሠ ላይ ሦስተኛው እግሩ የትኛው እንደሆነ ስንጨቃጨቅ ተውነው።

እንግዲህ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ምስጢሬን የሚያውቁ አራት ሰዎች ናቸው እል ነበር፤ ሊዲያ፣ ዘሃራ፣ ቄሱ፣ ኋላ ደሞ የነገርኳት አስቴር። ሊፍቱ ውስጥ አብዱ «እማማ፣ ያ ቀይ መጽሐፍ አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበርና አፌን ፈታሁ። «አብዱዬ፣ የሕግ መጽሐፍ ነበር እኮ። እኔም ማንበብ አልችልም ነበር፤ እስከዛሬም አልችል።»

«እሱንማ እናውቃለን» አለኝ።

«እነማን ናችሁ እናውቃለን?»

«ሦስታችንም። ከመጀመሪያው ቀን።»

«ሂድ! ፊደል ሳታውቁ?»

«ፊደል ባናውቅ ቁጥር እናውቅ የለ? የገጹ ቁጥር ሁልጊዜ ተዘቅዝቆ ነበር። ስድስቱ ዘጠኝ፣ ዘጠኙ ስድስት። መስቀሉን በተገለበጠው በኩል ነው የሰፉት፣ እማማ!»

ሊፍቱ ቆመ፤ ሰው ገባ፤ ደሞ ተነሳ። እኔ የጨበጥኩትን ብረት አልለቀቅሁም። ያ ሁሉ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ምራቅ፣ ያ ሁሉ ዓይን ማጥበብ! «ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ሊዱ ናታ! ከነገርናት ታፍራለች፣ ካፈረች ታሪኩ ይቆማል አለችን። ከጠየቁም ትችላለች በሉ አለች፤ ናቲ የማኅበሩ ቀን ያበዛው ለዚያ ነው። ከዚያ ሦስታችንንም አስማለችን።»

«በምን?»

«በመጽሐፉ ነዋ!»

ይሄን ስነግራት ሊዲያ መጻፏን አቆመች። ትልቅ ሴት ናት አሁን፣ ቢሮ የምትገባ፤ ጆሮዋ ግን እንደ ልጅነቷ ቀላ። ኮምፒውተሩን ወደ ጎን አደረገችና ስልኳን አነሳች።

«ለማን ልትደውይ ነው?» አልኳት።

«ለአብዱ ነዋ! ምሎ እኮ ነበር!»